በአረንጓዴ መሬት ላይ የሚቀጭጩ ሕፃናት፦ በወላይታ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሰጡ አገልግሎቶች

ከወላይታ ሶዶ ወደ አረካ ወይም ወደ ቦዲቲ የሚጓዝ እንግዳ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው እንሰት፣ በቆሎ፣ ስኳር ድንችና የፍራፍሬ ዛፍ ነው። በዚህ ልምላሜ መካከል ሕፃናት በምግብ እጥረት ይታመማሉ ቢሉት ለማመን ይቸግረዋል። የረድኤት ሠራተኞች «አረንጓዴ ረሀብ» የሚል ስም ያወጡለትም ለዚህ ነው።

ምክንያቱ ከመሬቱ ጥበትና ከሰብሉ ዓይነት ይነሳል። የወላይታ ገጠር በኢትዮጵያ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ከግማሽ ሄክታር በታች ይዞታ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። የቤቱ መተማመኛ የሆነው እንሰት ድርቅን ይቋቋማል፤ ቆጮው ጉልበት ይሰጣል፤ ገንቢ ንጥረ ነገሩ (ፕሮቲኑ) ግን አነስተኛ ነው። ስኳር ድንችም እንዲሁ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን ሕፃን አያሳድግም። ስለዚህ በልቶ የጠገበ ልጅ ከውስጥ ሊጎዳ ይችላል፤ ወላጆቹም ልጃቸው ሲበላ ስለሚያዩ አይጠረጥሩም። ጎተራው ከተራቆተ በኋላ የበልጉ እሸት እስኪደርስ ያሉት ወራት፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ሰኔ፣ የከፉት ናቸው። ቀደም ብሎ የሚተከለው ስኳር ድንች ይህን ክፍተት እንዲሸፍን የታሰበ ነው፤ ዝናብ ቀርቶ ድንቹ ሲበላሽ ግን የመጀመሪያው ተጎጂ ጡት የጣለው ሕፃን ይሆናል።

በዞኑ ለሕፃናት የሚሰጠው የጤናና የድጋፍ አገልግሎት በአብዛኛው ነፃ ነው፤ የሚጀምረውም በቀበሌው ጤና ኬላ ነው። ልጁ በቤቱ ታክሞ መዳኑን ወይም ሆስፒታል መተኛቱን የሚወስነው ግን ብዙውን ጊዜ ወደዚያ የሚወሰድበት ቀን ነው።

የክንድ መለኪያው

በጤና ኬላ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ ባለቀለሙ የክንድ ዙሪያ መለኪያ ነው። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ሕፃን ግራ ክንዱ መሐል ላይ ይለካል። ልኬቱ 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ መለኪያው አረንጓዴ ያሳያል፤ ልጁ ደህና ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ባለው መካከል ቢጫ ነው፤ መካከለኛ የምግብ እጥረት አለ ማለት ነው። ከ11.5 በታች ሲሆን ቀይ ይሆናል፤ ይህ ሕይወትን የሚያሰጋ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ነው።

መለኪያው የማይናገረው አንድ ምልክት አለ። ባለሙያዋ የሕፃኑን ሁለት እግሮች በአውራ ጣቷ ለጥቂት ሰከንድ ተጭና ስትለቅ ጉድጓዱ ካልሞላ፣ ክንዱ ምንም ያህል ቢሆን ልጁ በአጣዳፊ የምግብ እጥረት ታሟል። ይህ እብጠት ብዙ ቤተሰብ ያታልላል። ፊቱ የሞላ፣ እግሩ የወፈረ ልጅ «ደልቧል» ይባላል፤ ጎረቤትም ያሞግሰዋል። ጸጉሩ ሳስቶ፣ ቆዳው ተላልጦ፣ መጫወት ትቶ ሲነጫነጭ ነው አንድ ነገር እንደተበላሸ የሚታወቀው።

ዕድሜው ከ6 ወር በታች የሆነ ሕፃን በዚህ መለኪያ አይለካም። እንዲህ ያለው ሕፃን ከሳ፣ ወይም ጡት መሳብ አቃተው ማለት ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ሕክምናው ወደ ቤት እንዴት መጣ

ዛሬ ክንዱ ቀይ ያሳየ፣ ነገር ግን ሌላ ከባድ ሕመም የሌለበትና የመብላት ፍላጎት ያለው ሕፃን አልጋ አይዝም። እናቱ በየሳምንቱ ወደ ጤና ኬላ እየወሰደችው በቤቷ ታክመዋለች። ይህ አሠራር የተፈተነው ሩቅ አገር አይደለም።

ቀደም ሲል በጣም የተጎዳ ሕፃን የሚታከመው በማስተኛ ማዕከል ነበር። እናት ሌሎች ልጆቿን፣ ማሳዋንና ከብቶቿን ትታ ለሳምንታት ከታማሚው ልጅ ጋር መቀመጥ ነበረባት። በእርሻ ወቅት ይህን ማድረግ የማይችሉ ብዙዎች ወይ አይመጡም፣ ወይ ሕክምናውን አቋርጠው ይሄዳሉ። በአንድ አዳራሽ የተሰበሰቡ የተዳከሙ ሕፃናትም በሽታ ይተላለፉ ነበር። ከ1992 ዓ.ም ድርቅ በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት፣ ከወላይታ ጋር በሚዋሰነው የሀዲያ ባደዋቾ ወረዳ ኮንሰርን የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት በሚያካሂደው መርሐ ግብር 170 በጣም የተጎዱ ሕፃናት ሳይተኙ እንዲታከሙ ተደረገ። 85 በመቶው አገገሙ፤ የሞቱት 4 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍን ጨምሮ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ይህን በማኅበረሰብ ውስጥ የሚሰጥ ሕክምና በጋራ መግለጫ ደገፉት። በአሁኑ ጊዜ ከእስያ እስከ ምዕራብ አፍሪካ የሚሠራበት ዘዴ ከመጀመሪያ ማስረጃዎቹ አንዱን ያገኘው ከቦዲቲ እምብዛም በማይርቅ የገበሬ መንደር ነው ማለት ይቻላል፤ ይህን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ጥቂት ነው።

በ2000 ዓ.ም የበልግ ዝናብ ሲቀር ወላይታና አጎራባቾቹ ክፉኛ ተጎዱ። ጤና ጣቢያዎች ብቻቸውን ሊችሉት ባለመቻላቸው ሕክምናው ወደ ጤና ኬላዎች ወረደ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ሰልጥነው መስጠት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ወደ ላይ አልተመለሰም።

የሚሰጠው ምግብ በተለምዶ ፕላምፒነት የሚባለው ነው። ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይት፣ ከቫይታሚንና ከማዕድን የሚዘጋጅ ሲሆን፣ አንዱ እሽግ 92 ግራም ይመዝናል፤ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። አዲስ አበባ አጠገብ ለገጣፎ በሚገኘው የሂሊና ፋብሪካ በአገር ውስጥም ይመረታል። ውኃ ስለማይገባበትና ስለማይበሰል በቀላሉ አይበላሽም፤ ሕፃኑ ግን ከምግቡ ጋር ንጹሕ ውኃ መጠጣት፣ ጡት የሚጠባ ከሆነም አስቀድሞ ጡት ማግኘት አለበት። በቀን ስንት እሽግ እንደሚሰጥ የሚወሰነው በክብደቱ ነው። ለወንድምና ለእህት የተካፈለ፣ ወይም ለሽያጭ የወጣ እሽግ ከታማሚው ልጅ የተቀነሰ መድኃኒት ነው። ይህን ለእናቶች መናገር ቀላል ነው፤ አራት የራባቸው ልጆች እያዩ ለአንዱ ብቻ መክፈት ግን ቀላል አይደለም፤ ባለሙያዎችም ይህን ሳይዘነጉ ቢመክሩ ይሻላል።

ሕፃኑ በባለሙያዋ ፊት የተሰጠውን እምቢ ካለ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም ከባድ የሳንባ ምች ካለበት ግን ጤና ኬላው አይበቃውም። በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ባለ ማረጋጊያ ክፍል ተኝቶ፣ መጀመሪያ ኤፍ-75 የተባለውን ወተት በጥቂት በጥቂቱ ይወስዳል። በረሀብ የደከመ አካል ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ መቀበል ስለማይችል፣ «ብላ፣ ትበረታለህ» ብሎ ማጨናነቅ ራሱ ሊገድል ይችላል።

ከጓሮ የሚገኘው

ሕክምና ያዳነው ልጅ ወደዚያው ገበታ ከተመለሰ እንደገና መታመሙ አይቀርም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ውኃም፣ ቅቤም፣ አብሽም አያስፈልግም። ከወሊድ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫማ እንገር መታለብና መደፋት የለበትም። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እየቀጠለ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል፤ ከ6 እስከ 8 ወር በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር በኋላ ከ3 እስከ 4 ጊዜ። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ወፍራም መሆን አለበት። የቀጠነ አጥሚት ሆድ ይነፋል እንጂ አያጠግብም።

ገንፎውን የሚያጎለብተው ነገር በአብዛኛው በጓሮ አለ። ቦሎቄ በወላይታ በስፋት ይመረታል፤ ተቀቅሎ፣ ተላጥቶና ተፈጭቶ ከበቆሎ ጋር ሲደባለቅ ገንቢ ምግብ ይሆናል። የሽፈራው ቅጠል፣ ጎመን፣ አቮካዶና እንቁላል አሉ። ቁልፎ የተባለው ሥጋው ብርቱካናማ የሆነ የስኳር ድንች ዝርያ ነጩ የሌለውን የቫይታሚን ኤ ምንጭ ይዟል፤ አተካከሉ ከነጩ አይለይም፤ የሚያስፈልገው ቁርጥራጭ ሐረጉን ማግኘት ብቻ ነው። አስቸጋሪው ሌላ ነው፤ እንቁላሉ ለጨውና ለዘይት መግዣ ገበያ ይወጣል፤ ቦሎቄውም ለዕዳ ይሸጣል። ከአንድ ሳምንት እንቁላል ሦስቱን ለሕፃኑ ማስቀረት በገንዘብ ሲሰላ ከባድ አይመስልም፤ ውሳኔው ግን የእናቲቱ ብቻ ባለመሆኑ አባቶችም ምክሩን መስማት አለባቸው። የግብርና ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በአንድ ቀበሌ ይሠራሉ፤ ስለ አንድ ሕፃን ገበታ በጋራ ሲመክሩ ግን እምብዛም አይታይም።

በየ6 ወሩ ለሕፃናት የቫይታሚን ኤ ጠብታ ይሰጣል፤ ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሰማያዊው፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ቀዩ። 2 ዓመት የሞላቸው የአንጀት ትላትል መድኃኒትም ይወስዳሉ።

የክትባት ቀጠሮዎች

መደበኛ ክትባት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነውን ቢሲጂና የመጀመሪያውን የፖሊዮ ጠብታ ይወስዳል። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍ፣ ከዘጊ አነዳ፣ ከጉበት ቫይረስና ከማጅራት ገትር ዓይነት የሚከላከለው ፔንታቫለንት፣ የሳንባ ምች መከላከያው ፒሲቪና የፖሊዮ ጠብታ ይሰጡታል። ለተቅማጥ የሚሆነው ሮታ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት፣ የፖሊዮ መርፌው በ14ኛው ይታከላል። ኩፍኝ በ9 ወርና በ15 ወር ነው።

በ2011 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያጠናቀቁት ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት 43 በመቶ ነበሩ። ጀምረው የሚያቋርጡት ብዙ ናቸው። የ15 ወሩ ኩፍኝ በተለይ ይረሳል፤ ልጁ መሄድ ጀምሯል፣ እናቱ ክትባቱ ያለቀ ይመስላታል፣ ካርዱም ከሳጥን ሥር ገብቷል። ካርዱን ግድግዳ ላይ መስቀል ወይም ከቤተሰቡ ሰነዶች ጋር ማኖር ትንሽ ነገር ቢመስልም የሚቀጥለውን ቀን የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

ወላጆችን የሚያማርር ሌላ ነገርም አለ። ሁለት ሰዓት ተጉዛ የመጣች እናት «ዛሬ ልጆች ስላልሞሉ ሌላ ቀን ነይ» ትባላለች። የቢሲጂ አንድ ጠርሙስ ለ20 ሕፃናት የሚሆን ነው፤ የኩፍኙም ለብዙ ነው። ሁለቱም ከተበጠበጡ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆዩም፤ የተረፈው ይደፋል። ማቀዝቀዣ የሌለው ጤና ኬላ ክትባቱን ከጤና ጣቢያ በበረዶ ሣጥን ስለሚያመጣ ቀን መድቦ ይሠራል። ብክነትን መፍራቱ የሚገባ ቢሆንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ጠርሙሱ እንዲከፈት ያዝዛል። የተመለሰች እናት ሁልጊዜ ዳግም አትመጣምና። ስለዚህ የቀበሌውን የክትባት ቀን አስቀድሞ ጠይቆ ማወቅ ጠቃሚ ነው። ጉንፋን፣ ቀላል ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ክትባት አያስቀርም።

ሕፃኑ ሲታመም

በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መድቧል። መጀመሪያ ሥራቸው ማስተማርና መከላከል ነበር። ከ2003 ዓ.ም ወዲህ ግን የሳንባ ምችን በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲያክሙ ተፈቅዶላቸዋል። አሁን ተቅማጥን በሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) እና በዚንክ፣ ወባን ደግሞ በጣት ደም መርምረው ያክማሉ። ብዙ የገጠር ወላጆች ጤና ኬላን አሁንም የክትባትና የምክር ቤት ብቻ አድርገው ስለሚያዩት የታመመ ልጅ ይዘው በቀጥታ ወደ ከተማ ክሊኒክ ይሄዳሉ፤ ወይም ገንዘብ እስኪያገኙ ይቆያሉ።

የሳንባ ምችን ወላጅ ራሱ ሊጠረጥር ይችላል። ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ጸጥ ባለበት ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹ ይቆጠራል። ከ2 ወር በታች ላለ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። በተቅማጥ ጊዜ አንዱ የኦአርኤስ እሽግ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ይጎዳል። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን ይሰጣል። ጡትና ምግብ አይቋረጥም።

በሁምቦ፣ በዱጉና ፋንጎ፣ በአባላ አባያና በኪንዶ ኮይሻ ቆላማ ቀበሌዎች ትኩሳት ያለበት ሕፃን በዚያው ዕለት ለወባ መመርመር አለበት። አጎበር በቤቱ አንድ ብቻ ከሆነ ቅድሚያው የሕፃናትና የነፍሰ ጡር ነው።

መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ወይም ፈዞ የማይነቃ ሕፃን ከጤና ኬላ ወደ ላይ ይላካል። በሶዶ የዩኒቨርሲቲው ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል፣ በአረካ አቅራቢያ ደግሞ የዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ይገኛሉ። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስነቀል ለእነዚህ ምልክቶች መድኃኒት አይደሉም፤ ደም ያስፈስሳሉ፣ ቁስል ያመረቅዛሉ፣ ከሁሉ በላይ ሰዓት ይበላሉ።

በከተማው

በሶዶና በሌሎች ከተሞች ከ2002 ዓ.ም ወዲህ የተመደቡት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ነርሶች ናቸው፤ ቤት ለቤት ይዞራሉ። የከተማው እናት ችግር ከርቀት ይልቅ ጊዜ ነው። የመንግሥት ሠራተኛዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች፤ በ2010 ዓ.ም የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁም ደንግጓል። በሶዶ ገበያ ቅቤና ቡና የምትሸጠው ግን ይህ ሕግ አይመለከታትም። እሷ በወለደች በጥቂት ሳምንት ወደ መደቧ ትመለሳለች፤ ሕፃኑ ወይ ከጎኗ ይውላል፣ ወይ ለታላቅ እህቱ ይተዋል። ለእነዚህ እናቶች የታለበ ጡት በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና በጽዋ ማጠጣት የሚቻል መሆኑን ማስተማር፣ ጡጦ ከማስገዛት እጅግ ይሻላል።

በገጠርም ሆነ በከተማ፣ ሕፃኑ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌው ወሳኝ ኩነት መመዝገብ ይኖርበታል። በጤና ተቋም የተወለደ ከሆነ ተቋሙ የልደት ማሳወቂያ ይሰጣል፤ ወረቀቱን ሳይቀበሉ መውጣት ኋላ ብዙ ያመላልሳል።

ወጪውና ድጋፉ

ክትባት፣ ቫይታሚን ኤ፣ ወሊድና የአጣዳፊ ምግብ እጥረት ሕክምና በመንግሥት ተቋማት ክፍያ የላቸውም። ለሌላው ሕመም ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ። በ2003 ዓ.ም በአገሪቱ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከእነርሱ አንዱ የወላይታው ዳሞት ወይዴ ነበር። አባልነቱ በቤተሰብ ስለሆነ ሕፃናት በወላጆቻቸው ደብተር ይታከማሉ፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮው በመንግሥት ይሸፈናል። እድሳቱ ቤተሰቡ ሰብል ሸጦ ገንዘብ በሚይዝበት ወቅት ቢደረግ ይሻላል፤ ደብተሩ ያለቀበት ቤተሰብ ልጁ የሚታመምበት ወር መጋቢት ወይም ሚያዝያ ከሆነ የሚከፍለው አያገኝም።

ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሚሠራው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር የታቀፉ ቤተሰቦች ማወቅ ያለባቸው መብት አለ። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን የያዘች እናትና በምግብ እጥረት የታመመ ልጅ የምታስታምም ሴት ከአካፋና ከዶማ ሥራ ነፃ ሆና ድጋፉን ማግኘቷ ይቀጥላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትሰጠው ማረጋገጫ ነው። ይህን ሳያውቁ ሕፃን አዝለው እርከን ሲሠሩ የሚውሉ እናቶች አሉ።

ነፃ ያልሆነው ነገር መጓጓዣውና የአስታማሚዋ ስንቅ ነው። ከኪንዶ ዲዳዬ ወይም ከኦፋ ተራራማ ቀበሌ ልጅ አዝላ ወደ ሶዶ የምትወርድ እናት ለመኪና፣ ለራሷ ምግብና ለመመለሻ ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ በቤት የቀሩትን ልጆችም የሚጠብቅ ሰው ማግኘት አለባት። በብዙ መንደር ይህን የሚሸፍነው እድሩ፣ ጎረቤቱ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ነው። እድሮች ለቀብር ካሰባሰቡት ጥቂቱን ለታመመ ሕፃን መጓጓዣ በብድር እንዲሰጡ ደንባቸውን ማሻሻል ይችላሉ፤ ለዚህ የአባላቱ ስብሰባ ውሳኔ ይበቃል።

ሕፃኑ ከማረጋጊያ ክፍል ሲወጣ የሚሰጠው የመላኪያ ወረቀት በዚያው ሳምንት ለቀበሌው ጤና ኬላ መድረስ አለበት። የቀረው የፕላምፒነት ሕክምና የሚቀጥለው በዚያ ነው፤ ወረቀቱ ካልደረሰ ባለሙያዋ ልጁ መመለሱን አታውቅም።